ደን ሲመነጠር ጅረቱ ይሞላል ወይስ ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ዛፍ ውሃ ስለሚጠጣ ደን ሲመነጠር ጅረት ይጨምራል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ምንጭ የሚደርቀው ደን ሲጠፋ ነው ይላሉ። የቱ ነው ልክ? በምንስ ይለካል?

መልስ 1፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በጊዜ ነው። ዛፉ በተቆረጠ ሰሞን ቅጠል ይዞ የሚያስቀረውና ሥር የሚስበው ውሃ ስለሚተርፍ የዓመቱ ፍሰት ይጨምራል። ጉዳቱ የሚመጣው አፈሩ ሲራቆት ነው። የዝናብ ጠብታ ጓሉን ይፈረካክሰዋል፣ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ላዩም እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ከብት ከረገጠው ደግሞ ይብስበታል። ያኔ ዝናቡ መስረጉን ትቶ በላይ በላይ ይነጉዳል፤ በዝናብ ወራት ጎርፍ፣ በደረቁ ወራት የጠፋ ምንጭ። አፈሩ ውሃ ማስረጉን ካላቆመ ግን ምንጩ ላይደርቅም ይችላል።

መልስ 2፦ ስርገቱን፣ ማለትም ውሃ ወደ አፈር የሚገባበትን ፍጥነት፣ መለካት ቀላል ነው። ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ ላይና ታቹ ክፍት የብረት ቀለበት ያዙ። ጣውላ አስደግፋችሁ በመዶሻ 10 ሴንቲሜትር ቅበሩት። ማስመሪያ አቁሙ፣ ውሃ ሙሉ፣ በየ5 ደቂቃው የወረደውን መዝግቡ፤ ሲጎድልም ጨምሩበት። የመጀመሪያዎቹን ንባቦች አትመኑ፤ ደረቅ አፈር በጥድፊያ ነው የሚጠጣው። ሦስት ተከታታይ ንባቦች እስኪቀራረቡ ቀጥሉ። በ5 ደቂቃ 4 ሚሊሜትር ከሆነ በሰዓት 48 ሚሊሜትር ነው። ውሃው ወደ ጎንም ስለሚሰርግ ነጠላ ቀለበት ያጋንናል፤ ስለዚህ ደኑን ከምንጣሮው ለማነጻጸር ብቻ ይሁን፣ በየወገኑ ቢያንስ አምስት ቦታ። በቀለበቱ ዳር ውሃ ካፈተለከ ያንን ንባብ ጣሉት።

መልስ 3፦ ሙቀቱም አይረሳ። አንድ ሊትር ውሃ ከዛፍ ቅጠል ሲተን 2.4 ሜጋጁል (ሜጋጁል የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይወስዳል። ዛፉ ከሌለ ያ ሁሉ ሙቀት መሬቱንና አየሩን ያግላል፤ ይህ ዛፉ ሲቃጠል ከሚወጣው ካርቦን የተለየ ጣጣ ነው። የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሹ ካርቦን ስለሆነ፣ ካርቦኑም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ፣ አንድ ቶን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 1.8 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በረዷማው ሰሜን ላይ ግን ደን ሲነሳ የሚገለጠው ነጭ በረዶ ብርሃን ስለሚመልስ አካባቢው ሊቀዘቅዝ ይችላል። «ደን ሲጠፋ የትም ይሞቃል» ማለት አያስኬድም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብንተክልበትስ?

መልስ 1፦ ለምንጭ ከሆነ አይቸኮል። እንደ ባሕር ዛፍ ያለው አፈሩ ሳያገግም ውሃውን መሳብ ይጀምራል። መጀመሪያ ከብት ይከልከል፣ ሣሩና ቁጥቋጦው ይመለስ፣ የረገፈው ቅጠል ሳይጠረግ ይቆይ። በቀለበቱ በየዓመቱ በአንድ ወቅት እየለካችሁ፣ ስርገቱ ወደ ደኑ ቁጥር ሲጠጋ ዛፉን አብዙ።