ከጦስኝ ቅጠል ያወጣሁት ዲኤንኤ ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ሂደት) ላይ አልሠራ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ተቸክዬ ቀርቻለሁና የሠራበት ሰው ካለ ሐሳብ ስጡኝ።

የጦስኝ ናሙናዎችን ዝርያ በዲኤንኤ ባርኮድ ለመለየት እየሞከርኩ ነው፤ የመረጥኩት አይቲኤስ2 የተባለውን አጭር የዲኤንኤ ክፍል ነው። ዲኤንኤውን የማወጣው በሲታብ (ሴሉን በሚሰብር ሳሙና መሰል ኬሚካል) ነው፦ 2 በመቶ ሲታብ፣ 1.4 ሞላር ጨው፣ 65 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ክሎሮፎርም። ጣጣው የሚመጣው አይሶፕሮፓኖል ስጨምር ነው። ነጭ ክር መሰል ነገር ይወጣል ስል የሚወርደው ቡናማና የሚዝለገለግ ነው፤ ፒፔቱ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፣ በኢታኖል ሁለቴ ባጥበውም ቀለሙ አይለቅም። የንጽሕና መለኪያው 260/280 ንባብ 1.5፣ 260/230 ደግሞ 0.6 ነው፤ ሁለቱም ዝቅተኛ ናቸው። ጄል ላይ ዲኤንኤው ይታያል፣ ፒሲአሩ ግን ባዶ! ከስፒናች ያወጣሁት በዚያው ፕራይመር (ፒሲአሩን በሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) ወዲያው ስለሠራ ፕራይመሩን አልጠረጥርም። የጦስኙን 1 ለ 50 ሳቀጥነው ደብዘዝ ያለ መስመር አየሁ፤ ስለዚህ የሚያግደኝ ከቅጠሉ አብሮ የወጣ ፖሊፌኖልና ፖሊሳካራይድ ሳይሆን አይቀርም።

ቅጠሉን በምድጃ ያደረቅሁት ራሴ ነኝ፤ አሁን ይቆጨኛል።

ፒቪፒ (ፖሊፌኖልን የሚይዝ ኬሚካል) ልጨምር ወይስ የተፈጨውን ቅጠል መጀመሪያ በሶርቢቶል ማጠብ ይሻላል? ጨውን ወደ 2.5 ሞላር ማሳደግስ? ፒሲአሩ ውስጥ ቢኤስኤ (አጋጆቹን የሚይዝ ፕሮቲን) ጨምሮ የተሳካለት አለ? በሲሊካ ጄል የደረቀ አዲስ ቅጠል ማግኘት እችላለሁ። ግን የቲሞልና የካርቫክሮል (የጦስኝ ዘይት ውሁዶች) ልኬቱ የተሠራው በእነዚህ አሮጌዎች ላይ ስለሆነ ልጥላቸው አልችልም።