ሪስፔሪዶንና ሜቲልፌኒዴት አብሮ ለሚወስድ ልጅ በክረምት አንዱን ማቆም ይቻላል?

ጠያቂ፣ ፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ራሱን ይመታና ሰው ይነክስ ስለነበር ሪስፔሪዶን ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ ስላቃተው ሐኪሙ ሜቲልፌኒዴት ጨመሩለት። አሁን መንከሱን ትቷል፤ ፊደል መለየት መጀመሩንም መምህሩ ነግረውኛል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሜቲልፌኒዴት የሚያነቃቃ፣ ሪስፔሪዶን የሚያረጋጋ ከሆነ እርስ በርስ አይሻሩም ወይ? ትምህርት ሲዘጋስ ሜቲልፌኒዴቱን አቁመንለት፣ በፍልሰታ ከእናቱ ጋር ጠበል ሲሰነብት ሪስፔሪዶኑን ብቻ ቢወስድ ጉዳት አለው? ቀጠሯችን ገና መስከረም ላይ ነው።

መላሽ፣ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳይመለስ እሱን ማስረዳት አይቻልም። ሜቲልፌኒዴት ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ነርቮች መካከል እንዲበዛ ያደርጋል፤ ሪስፔሪዶን ደግሞ ዶፓሚኑ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይዘጋል። ሲነገር የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ሐኪሞች አብረው የሚያዟቸው ግን አንዱ ለቁጣና ራስን ለመጉዳት፣ ሌላው ለመቁነጥነጥና ለትኩረት ማጣት ስለሚረዳ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006፣ ሪስፔሪዶን ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች እንዲሰጥ የፈቀደው ለዚሁ ለቁጡነቱ እንጂ ለኦቲዝሙ አይደለም። በዚያው አቆጣጠር በ2005 በታተመ ጥናት ሜቲልፌኒዴት ከተሞከረላቸው ኦቲዝምና መቁነጥነጥ ያለባቸው 72 ልጆች ግማሽ ያህሉ ተሻሽለዋል፤ 18 በመቶው ግን በጎንዮሽ ጉዳት፣ በተለይም በቁጡነት ምክንያት አቋርጠዋል። ስለዚህ ሜቲልፌኒዴት ከተጨመረለት ወዲህ ቁጣው የባሰ ልጅ ሲመጣ፣ ሪስፔሪዶኑን ከፍ ከማድረግ በፊት የተጨመረውን መድኃኒት መጠርጠር ይገባል። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ሕመም ወይም የሆድ ድርቀት እንዳለበት ማየትም እንዲሁ፤ መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በጥርሱ ነውና።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። ሁለቱን አብሮ በሚወስድ ልጅ ላይ የአንዳቸው መጠን ሲለወጥ፣ ሲጨመርም ሆነ ሲቀነስ፣ የጡንቻ እንቅስቃሴ መዛባት ሊከተል ይችላል። ሜቲልፌኒዴቱ በድንገት ቀርቶ ሪስፔሪዶኑ ብቻውን ሲቀጥል አንገት ወደ አንድ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋ ሊቆለፍ ይችላል። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ልጅ ሲታይ ቡዳ በላው ይባልና ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይውላል፤ ነገሩ ግን መድኃኒት አለው፣ በመርፌ ሲሰጥም ቶሎ ይለቅቃል። ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በተቃራኒው ሪስፔሪዶኑ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ የከንፈር፣ የምላስና የእጅ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ ሊመጣ፣ መንከሱም ሊመለስ ይችላል። በክረምት ሜቲልፌኒዴትን ማሳረፍ በራሱ ክልክል አይደለም፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነውና ቀጠሮውን ወደ ሰኔ አስመጡት።

መላሽ፣ እናት፣ ቢቸና

እኔም ልጄን ጠበል ይዤ ስወርድ ሁለቱንም መድኃኒት አስቀርቼ ነበር። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ አጥቶ ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ አድሮ ተመለስን። በዓመቱ የንስሐ አባቴን ጠይቄ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ፣ የታመመ ሕፃን ጾም አይያዝበት ብለውኝ በሰላም ሰነበትን። እርስዎም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

መላሽ፣ ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

ከላይ በተባለው ላይ ጥቂት ልጨምር። ሜቲልፌኒዴት የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ሪስፔሪዶኑ የሚያመጣውን ውፍረት ያካክሳል ብላችሁ አትዘናጉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በታተመ ጥናት ሪስፔሪዶን የወሰዱ ልጆች በ8 ሳምንት በአማካይ 2.7 ኪሎ ሲጨምሩ፣ ባዶ ክኒን የተሰጣቸው 0.8 ኪሎ ብቻ ጨምረዋል። ክብደት፣ ቁመት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት በየጊዜው ይለካ፤ የደም ስኳርና ቅባትም ይመርመር። ልጁ የሚጥል በሽታ ኖሮበት ካርባማዜፒን የሚወስድ ከሆነ የሪስፔሪዶኑ ኃይል ይቀንሳል፤ የድብርት መድኃኒት የሆነው ፍሉኦክሰቲን ግን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያበዛዋል። ሪስፔሪዶን ጠፋ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሃሎፔሪዶል በተባለው ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አይተካ፤ ጡንቻን በማገተር ይብሳል። ሜቲልፌኒዴት ደግሞ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ በየፋርማሲው አይገኝም፤ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ይጀመር።

ጠያቂ፣ ፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ያስታወስኩት ነገር አለ። በመጋቢት ሜቲልፌኒዴቱ አልቆ አምስት ቀን ሳይወስድ በቆየ ጊዜ አንገቱ ወደ ግራ ተጣሞ አንድ ቀን ዋለ። አተኛኘቱ መስሎን በቅቤ አሸነው፤ ለሐኪሙም አልነገርንም።

መላሽ፣ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

እንግዲያውስ ሰኔንም አይጠብቁ። ቀኑን፣ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀና ለስንት ቀን እንደተቋረጠ በወረቀት ጽፈው በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። እስከዚያው ሁለቱንም በታዘዘው መጠን ይስጡት፤ ጠበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።