ከሰዓት በኋላ ካሜራው ጤነኛውን ጠርሙስ ይጥልብናል፣ ምን ላድርግ?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ አንድ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው። ፎርጂድ ስለበዛብን ሌብላችን ላይ በዓይን የማይታይ ቀለም ይታተማል። ዩቪ መብራት ሲያርፍበት ቀይ ሆኖ ያበራል። ካሜራው እያንዳንዱን ጠርሙስ ያያል፣ ምልክቱን ካላገኘ የአየር ግፊቱ ጠርሙሱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ላይናችን በሰዓት 24,000 ጠርሙስ ያወጣል። ምልክቱ ያለው ከአርማው ሥር [ጽሑፉ በጠያቂዋ ተሰርዟል]።

ጠዋት ሰላም ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ግን ደህናውን ሁሉ መጣል ይጀምራል። የተጣለውን አንስቼ በእጅ ዩቪ ባትሪ ሳየው ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብርሃን አንሶት ይሆናል ተብሎ የካሜራው ኤክስፖዠር (ለብርሃን ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) ወደ 2 ሚሊሰከንድ ከፍ ተደረገ። ባሰበት! መብራቱ ብልጭ እያለ የሚሠራ ስትሮብ ነው። ካሜራው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፊልተር የለውም። የሌብሉ አቅራቢ «ቀለሙ ደህና ነው» ይላል፣ ካሜራውን የተከለው ሰው ስልክ አያነሳም፣ ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ «ዝጊውና ምርቱ ይሂድ» እያለኝ ነው።

አቦ ከዚራ

አቦ፣ ይቺማ ቀላል ናት። ሴቲንጉ ውስጥ ትሬሾልድ አለ፣ ካሜራው «ምልክቱ አለ» ለማለት የሚፈልገው የብርሃን ልክ ማለት ነው፣ እሱን ዝቅ አድርጊው። እኛም ጋ ሲያስቸግር እንዲሁ አድርገን ተገላግለናል።

ጋሽ ሌንስ፣ ሐረር

ልጄ፣ ትሬሾልዱን እንዳትነኪው። መጀመሪያ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በሌብሉ ልክ ቆርጠሽ ባዶ ጠርሙስ ላይ ለጥፊና በመስመሩ አሳልፊው። ካለፈ፣ ከሚጣለው ይልቅ የሚያልፈው ነው ሊያሳስብሽ የሚገባው።

ነጭ ወረቀት ይበልጥ እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። ዩቪ ሲያገኘው ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። የልብስ ሳሙናም ውስጥ ይገባል፣ ነጭ ሸሚዝ ጭፈራ ቤት ውስጥ የሚያበራው በሱ ነው። ጥቁርና ነጭ ካሜራ ደግሞ ሰማያዊና ቀይ አይለይም። ያበራ ነገር ካየ «አለ» ብሎ ያሳልፋል። ትሬሾልድ ዝቅ ሲል ለፎርጂዱ በር ተከፈተለት ማለት ነው። የከዚራው ልጅ፣ እናንተም ወረቀቷን ሞክሯት።

ኮንቬየር

እህቴ፣ በቅድሚያ ምልክቱ የት እንዳለ የጻፍሽውን አጥፊው። ይህን የሚያነበው የፋብሪካ ሰው ብቻ አይደለም።

ወደ ጉዳዩ ስንመጣ፣ ዛሬ 8 ሰዓት ላይ የዩቪ መብራቱን አጥፊና ካሜራው ፎቶ እንዲያነሳ አድርጊ። ምስሉ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ጠርሙሱ ከታየሽ ሌላ ብርሃን እየገባ ነው። የድሬ መጋዘን ጣራ ላይ ብርሃን እንዲያስገባ የሚደረገው የፕላስቲክ ቆርቆሮ የታወቀ ነው። ፀሐይ ዞራ በሱ በኩል ስትወርድ ችግርሽ ይጀምራል።

ኤክስፖዠሩ ሲጨመር ለምን ባሰበት? ስትሮቡ የሚሰጠው ብርሃን በብልጭታው ርዝመት የተወሰነ ነው። የፀሐዩ ግን ካሜራው ክፍት በቆየ ቁጥር ይጠራቀማል። ስለዚህ በምልክቱና በሌብሉ መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ። በዚያ ላይ ጠርሙሶቹ በ12 ሴንቲሜትር ከተራራቁ መስመሩ በሰከንድ 80 ሴንቲሜትር ይሮጣል። በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1.6 ሚሊሜትር ተጓዘ ማለት ነው። ቀጭን መስመር ይደበዝዛል።

የሳቢያን ልጅ

ስለ ምልክቱ አመሰግናለሁ፣ አጥፍቼዋለሁ።

ጋሼ፣ ያሉትን አደረግሁ። ወረቀቱ አለፈ! አንዴም አልተጣለም። ሱፐርቫይዘሬን ጠርቼ ዓይኑ እያየ ደገምኩት፣ ከዚያ በኋላ «ዝጊው» ማለት ቀረ።

መብራቱን አጥፍቼ ያነሳሁት ምስል ደግሞ ግራጫ ነው። የጠርሙሱ ትከሻ ላይ የጣራው ብርሃን እንደ ነጭ ዘንግ ተጋድሞ ይታያል። አሁን ምን ልግዛ?

ጋሽ ሌንስ፣ ሐረር

አንድ ፊልተር ሁለቱንም ያቃልልሻል። ቀይ የሚያበሩት ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ዩሮፒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የሱ ብርሃን 615 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ያንን ብቻ የሚያሳልፍ ባንድፓስ ፊልተር ሌንሱ ላይ ሲገባ የወረቀቱ ሰማያዊ ይቀራል፣ አብዛኛው የፀሐይ ብርሃንም ይቀራል። ግን ሁሉም ቀይ ቀለም አንድ አይደለም። አቅራቢውን «የት ላይ ነው የሚያበራው?» በይው። የቀለሙን ቅመም እንዲነግርሽ አትጠይቂ፣ እሱን አይነግርሽም።

የዩቪ መብራቱም ስንት ናኖሜትር እንደሆነ አጣሪ። 365 ናኖሜትር ይሻላል። 395 ከሆነ የሚታይ ወይን ጠጅ ብርሃን አብሮት ይወጣል። ከድሬው ታይዋን ገበያ ብር ለመፈተሽ የሚገዛው ርካሽ ባትሪ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ለፋብሪካ አይሆንም። 365ቱ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ የሌለ ይመስላል፣ መከላከያ መነጽር ሳታደርጊ አትጠጊው።

ኮንቬየር

ከፊልተሩ ጋር መከለያ አሠሪ። ብየዳ ቤት በላሜራ ይሠሩልሻል፣ ውስጡ የማያንጸባርቅ ጥቁር ይቀባ። መተንፈሻ ይኑረው። ኤልኢዲ ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ የድሬን ሙቀት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ኤክስፖዠሩን መልሰሽ አሳጥሪው፣ ግን ብልጭታው እንዳለቀ ወዲያው እንዳትዘጊው። ዩሮፒየም መብራቱ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት መቶ ማይክሮሰከንድ ማብራቱን ይቀጥላል። ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ምልክቱ ሳይደበዝዝ የሚደምቅበት ላይ አቁሚ።

የማሸጊያዋ

እኔ የምጨምረው፣ የአየር ግፊቱ ትክክለኛውን ጠርሙስ እየመታ መሆኑን እዩ። ምልክት የሌለው ጠርሙስ ላይ በማርከር ጽፋችሁ በሙሉ ፍጥነትም፣ መስመሩ ሲቀዘቅዝም አሳልፉት። ጎረቤቱ ከተጣለ ሪጀክቱ (ጠርሙሱን የሚያስወጣው) የሚሠራው በጊዜ ቆጠራ ነው፣ ወደ ኢንኮደር (የኮንቬየሩን ጉዞ የሚቆጥር መሣሪያ) ቀይሩት። ኮንቬየሩ ሲፈጥንና ሲዘገይ ኢንኮደሩ አብሮ ይቆጥራል።

የናሙና ጠርሙሶችም ይኑሯችሁ፦ ምልክት የሌለው፣ የደበዘዘ፣ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት። ሺፍት ሲጀመር ይለፉ፣ ሦስቱም ካልተጣሉ ላይኑ አይነሳ። የደበዘዘውን ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ብርሃን ላይ ከቆየ ይብስ ይደበዝዛል፣ መለኪያነቱም ይቀራል።

አቦ ከዚራ

ወረቀቷን እኛም ሞከርናት። አለፈች። ትሬሾልዱን መልሰናል፣ ፊልተሩን ለሁለት ፋብሪካ አንድ ላይ ብናዝስ?

ጋሽ ሌንስ፣ ሐረር

እዘዙ፣ ግን ሌንሶቻችሁን አስቀድማችሁ ለኩ። ፊልተሩ የሚታሰርበት የፊቱ ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር ካልገጠመ አይገባም። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ያለው ደግሞ ይጠንቀቅ። በሰያፍ የሚገባ ብርሃን ላይ የፊልተሩ መስኮት ወደ አጭሩ ሞገድ ይንሸራተታል፣ የምስሉ ዳርና ዳር ይጨልማል። የሳቢያኗ፣ ያንቺ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ (የጥርሱ ስፋት ሳይሆን፣ ሲያንስ ሰፊ የሚያየው) ስንት ሚሊሜትር ነው?

የሳቢያን ልጅ

8 ይላል፣ ጋሼ።

ጋሽ ሌንስ፣ ሐረር

እንግዲያው ካሜራውን ትንሽ አርቂና 16 ወይም 25 አድርጊው። ፊልተሩን ከዚያ በኋላ እዘዢ።