ዘንድሮ ገና እኔ ቤት ነው፤ እንዴት ነው የሚዋለው?

አራተኛ ፎቅ (ቦሌ አራብሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከአራት ኪሎ ወጥተን አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ስድስት ዓመት ሆነን። እናቴ ግን ሰፈሬን አልለቅም ብላ እዚያው ቀረች። ስለዚህ ገናን ሁሌም እሷ ጋ ነበር የምናከብረው። ባለፈው ሰኔ አረፈች። ዘንድሮ ገና እኔ ቤት ነው።

ዶሮ መሥራት አቅቶኝ አይደለም። እማዬ ለሌሊቱ ቅዳሴ ስትሄድ ሽንኩርቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ትቆምና “እንዳያርርብሽ! ውኃ ጠብ እያደረግሽ አማስይ” ትለኛለች። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ ይቁላላል። ጾሙ ስላልተፈታ ደፍሮ የሚቀምስ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው እኔን ሳይሆን ድስቱን ነው። ክዳኑን ገልጣ ታሸትና “ደርሷል” ትላለች። ቅቤውና ዶሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ገና የሚገባው እሷ “ደርሷል” ስትል ነበር።

አሁን የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። በፈረንጆቹ ገና ትምህርት ቤቷ ቀይ ኮፍያ አድርጋ ፎቶ ተነስታ መጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፕላስቲክ ዛፍ ግዢልኝ ነው። ትናንት ደግሞ “እማ፣ ኢየሱስ ሁለቴ ነው እንዴ የተወለደው?” አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ዛፉን ልግዛላት? ሐዘን ያለበት ሰውስ ገናን እንዴት ነው የሚውለው?

ባለ ገናው (ሰንዳፋ)

ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። እናትሽን ነፍስ ይማር።

የትንሿ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልደቱ አንድ ነው፣ የተለያየው ካሌንደሩ ነው። ድሮ የኛ ታኅሣሥ 29 እና የፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 አንድ ቀን ነበር የሚውሉት። በነሱ አቆጣጠር በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ካሌንደሩን ሲያርሙ 10 ቀን ዘለሉ። እኛ አልዘለልንም። ልዩነቱ እያደገ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ዓመት ደግሞ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ ይኼንንም እወቂው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ይኼ ሁሉ አይነገርም። “እነሱ ቸኩለው ነው” በያትና ገላገል በይ።

ስለ ዛፉ አልቆጣም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እኛ ስናድግ አጨዳው ካለቀ በኋላ ሜዳው ባዶ ይሆንልናል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጠን ከላይኛው ሰፈር ልጆች ጋር ጥንግ ስንለጋ እንውላለን። ዳኛ የለ፣ የሜዳ ልክ የለ። የሀብታሙም የድሃውም ልጅ እኩል ይለጋል፣ እኩል ይመታል። ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ያለው ጠባሳ የዛን ጊዜ ነው፤ የመታኝ ሰውዬ ዛሬ የእድራችን ዳኛ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ብቻ ጠባሳውን በየገናው አሳየዋለሁ።

ብሎኩ ሥር

እህቴ፣ ብቻሽን አትዋይ። ሌላውን ተይው።

እኛ ብሎክ ላይ በየገናው ቅርጫ አለን። ስምንት አባወራ ነን፣ ኮሙናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) ጀርባ ነው የምናርደው። አንድ ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ባሏ ሞተባትና “ዘንድሮ ከእኔ ጋር አትቁጠሩኝ” አለች። እሺ አልን። በሬው ታርዶ መደብ ሲደለደል አራጁ ሳናዘው ስምንት መደብ አወጣ። ሰባት ነን እኮ ስንለው “ደረጃው ላይ ቆማ ስታይ አየኋት” አለን። ሁላችንም ዝም። ከዚያ ዕጣ ሊጣል አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የጠርሙስ ክዳን ሰጠ። ለእሷ የክብሪት እንጨት አደረግንላት። ያላየ ልጅ ጠርተን በየመደቡ ሲያስቀምጥ፣ ክብሪቱ እኔ ዓይኔን የጣልኩበት መደብ ላይ አረፈ! እስካሁን ይቆጨኛል።

ብሎክሽን ጠይቂ። ቅርጫ ከሌለ አንቺ ጀምሪው።

ራህማ ነኝ (የካ አባዶ)

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ገናን አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ሥጋችሁን እንደማልበላ ስለምታውቅ ጠዋት ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ትጠራኛለች። ድፎ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ቡናው በቄጤማው ላይ ይቀርባል። ዒድ ሲሆን ልጆቿ ለብስኩቱ ከእኔ ልጆች ቀድመው ይነሳሉ። ዛፉን ግዢላት ባይ ነኝ። ልጅ ናት።

አራተኛ ፎቅ (ቦሌ አራብሳ)

ከበዓሉ መልስ ነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ዛፉን ገዛሁ፤ ትንሿን፣ ቲቪው ላይ የምትቀመጠውን። ጋሼ፣ “እነሱ ቸኩለው ነው” አልኳት። “እኛስ ለምን ዘገየን?” አለችኝ። እሱን እርስዎ ይመልሱ።

ዋናው ግን ሌሊቱ ነው። አራት ሰዓት ላይ ሽንኩርቱ ገና ውኃውን ሳይጨርስ መብራት ድርግም። ድስቱን በጨርቅ ይዤ አራት ፎቅ በስልኬ መብራት ወረድኩ። ኮሙናሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከሰል አቀጣጥለው ድስታቸውን ጥደዋል። አንደኛዋ በየቀኑ ደረጃ ላይ የምንተላለፍ ነን፣ ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ቦታ ለቀቀችልኝ። ትንሽ ቆይታ ሳትጠይቀኝ ክዳኔን ገልጣ አሸተተች።

“ገና ነው” አለችኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስታችንም እዚያው ቁጭ ብለን ስናማስል አደርን።