የኮንዶሚኒየም በረንዳና ልጆች፦ አከራይ ብረቱን ካልቀየሩ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦
የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኖቹን የምናስቀምጠው በረንዳ ላይ ሲሆን፣ የ3 ዓመት ልጃችን ሰሞኑን አንዱ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት አገኘነው። የበረንዳው መከላከያ ብረት አግድም የተበየደ በመሆኑ ለመንጠላጠል ይመቻል፤ አከራያችን ግን ለመቀየር ፈቃደኛ አይደሉም። የ14 ዓመቱ ወንድሙም ዲሽ ለማስተካከል ጣሪያ መውጣት ያዘወትራል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፣ ከብረታ ብረት ሠራተኛ፦
ከሁሉ በፊት ጀሪካኖቹንና ለመቆሚያ የሚሆነውን ሁሉ፣ ወንበርም ሆነ የአበባ ማሰሮ፣ ዛሬውኑ ከበረንዳው ያንሡ። ብረቱ ቋሚ ሆኖ ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጥ ነበር። መቀየር ካልተቻለ ግን በውስጥ በኩል ጠርዙ የታጠፈ ላሜራ ከላይ እስከ ታች በሽቦ አጥብቆ ማሰር ለእግር መርገጫ ያሳጣል፤ ብየዳ ስለማይጠይቅም ቤቱን ሲለቁ ይፈታል። እስከዚያው የበረንዳው በር ልጁ በማይደርስበት ከፍታ መወርወሪያ ይደረግለት።

መልስ፣ ኒውዮርክ ከሚኖር፦
እዚህ ከ1976 ጀምሮ ዕድሜው 10 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ባለበት አፓርትመንት የመስኮት መከላከያ የማስገጠም ግዴታ የተጣለው በሕንፃው ባለቤት ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ጉዳዩ ለአከራይ በጎ ፈቃድ ሊተው አይገባም ነበር። የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊትም የልጅ ክብደት አይችልምና አትመኑት።

መልስ፣ ከአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ፦
እኔ የምጨምረው ከወደቁ በኋላ ስላለው ነው። ልጆች ሲወድቁ እጃቸውን ዘርግተው ስለሚያርፉ ክርን አካባቢ የሚደርስ ስብራት ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል፤ ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ግን እብጠቱ መሄጃ አጥቶ የደም ዝውውሩ ሊቋረጥና እጁ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ፈትቶ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ወይም ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ልጅም እስኪነጋ አይጠበቅም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ትልቁን ልጅ በተመለከተ ቁጣ ብዙም አይሠራም። ዲሹን ለባለሙያ ተዉለት፤ የጣሪያው መውጫም እንዲቆለፍና ቁልፉ እነሱ ዘንድ እንዲቀመጥ የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቁ።