የቁንጥጫዋ ጣጣ

ዲቪ ደርሷት ከደብረ ብርሃን ወደ ቨርጂኒያ ልትመጣ የተሰናዳችው እህታችን፣ «ልጅ ከተቆጣሽ መንግሥት ይወስድብሻል ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብለሻል። ስለተቆጣሽ ብቻ ማንም አይወስድብሽም። ግን እኔን የገጠመኝን ልንገርሽ።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። እናቴ በቁንጥጫ አትታማም። ጭንሽ ላይ ቆዳሽን ይዛ ጠምዘዝ ካደረገችሽ ሳምንት ታስታውሽዋለሽ። በርበሬ የታጠነ የጎረቤት ልጅም ነበር። እኔም እዚህ መጥቼ የሰባት ዓመት ልጄን ክንዷ ላይ ቆነጠጥኳት። በማግስቱ ትምህርት ቤት እጅጌዋን ሰብስባ ስትታጠብ አስተማሪዋ ሰንበሩን አየች። «ማነው?» «ማሚ።» በቃ! ከሰዓት በኋላ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ በሬን አንኳኳች።

አስተማሪዋን ስረግማት ሰነበትኩ። ለካ ግዴታዋ ኖሯል። መምህር፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሕፃናት መዋያ ሠራተኛ ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ማሳወቅ አለባቸው። ማስረጃ አይጠበቅባቸውም፣ ማጣራቱ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ ማዘግየት አይችሉም። ዝም ካሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 500 ዶላር ይቀጣሉ።

የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ሴትዮዋን እንደ እንግዳ አስገባኋት፣ ቡና ላፈላም ምንም አልቀረኝ። ይባስ ብዬ ልጄን አስተርጓሚ አደረግኳት። «ትንሽ ቆንጠጥ አድርጌያት ነው» ያልኩትን ምን ብላ እንዳቀበለችልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንቺ እንዲህ አታድርጊ። በመጀመሪያው ቀን በምን እንደተጠረጠርሽ ሊነግሩሽ ይገባል፣ ጠይቂ። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የእነሱ ድርሻ ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልያዙና ልጁም አስቸኳይ አደጋ ላይ ካልሆነ፣ በጨዋ ደንብ «ቤት አላስገባም» ማለት ትችያለሽ። ጠበቃ ሳታማክሪ ወረቀት አትፈርሚ። ልጅሽን ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድሽ ሊያነጋግሯት ይችላሉ። ይሄ እኔንም አንጨርጭሮኛል፣ ሕጉ ግን ይፈቅድላቸዋል።

እዚህ አገር ወላጅ ልጁን በልኩ መቅጣቱ በራሱ ወንጀል አይደለም። ጣጣው ሰንበርና ቁስል ሲመጣ ነው። ደግሞ አንድ ነገር፦ ለዓይን ሕመም ተብሎ ቅንድቡን የተበጣ ልጅ ካለሽ፣ ሐኪሙ ጠባሳውን አይቶ ከመጠየቁ በፊት ራስሽ አስረጂው።

የኔ ጉዳይ ወር ተኩል ያህል ታይቶ ተዘጋ። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት፣ «ታዲያ በምን ልትቀጫት ነው?» አለችኝ። ታብሌቷን እቀማታለሁ አልኳት። ምን እንደሆነ ሳስረዳት ካርዴ አለቀ።

የአንቺዎቹ ስንተኛ ክፍል ናቸው? የክትባት ወረቀታቸውንም አትርሺ፣ ለምዝገባ ይጠይቁሻል።