ጥቆማ፦ ዲሲ አካባቢ ካሉት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ለልጅ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ነርሲንግ ወይም ፖለቲካል ሳይንስ ትላለች። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ጆርጅታውንን፣ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲን፣ ትሪኒቲንና ሜሪማውንትን እያየን ነው። የምታውቁ ልዩነታቸውንና የክፍያውን ነገር ብታስረዱን።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ አራቱም ካቶሊክ ይባሉ እንጂ መሥራቾቻቸው ለየቅል ናቸው፤ ልዩነቱም እስከ ዛሬ ይታያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅታውንን በ1789 ያቋቋሙት የካቶሊኩ ጳጳስ ጆን ካሮል ናቸው፤ ትምህርቱ ጄዝዊት የሚባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት፣ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ወግ ይከተላል። ለፖለቲካና ለዲፕሎማሲ በ1919 የተከፈተው የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤቱ ስመ ጥር ነው። ታሪኩን ልጅቷ ሙሉውን ብታውቀው ጥሩ ነው፤ በ1838 የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን 272 በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወደ ሉዊዚያና ሸጠው፣ ከገንዘቡ ከፊሉ የኮሌጁን ዕዳ ከፍሏል። በ2016 ዩኒቨርሲቲው ለእነዚያ ሰዎች ተወላጆች በቅበላ ልዩ ትኩረት እንደሚሰጥ አስታውቋል፤ ሰነዶቹም ኢንተርኔት ላይ ይነበባሉ።

ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲን በ1887 ያቋቋሙት በሮማው ፖፕ በሊዮ 13ኛ ይሁንታ የአሜሪካ ጳጳሳት በጋራ ሆነው ነው። በ1889 ሲከፈት ለድኅረ ምረቃ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1904 ነው። ፍልስፍና፣ ቀኖና ሕግ (የቤተ ክርስቲያን ሕግ) እና ጥንታውያን የምሥራቅ ቋንቋዎች ላይ ጠንካራ የሆነውም ለዚህ ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፦ በ2016 ከ600 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትና የክታብ ጥቅልሎች በስጦታ ገብተውለታል፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አሉበት። ግዕዝ ለሚወድ ልጅ እንዲህ ያለ ሀብት በቅርብ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን አልቀበልም ባለበት ጊዜ የኖትርዳም ደናግል የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳይያት በ1897 ትሪኒቲን እዚያው ጎረቤት መሠረቱ። የቀን የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍሉ ዛሬም የሴቶች ነው፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የዲሲ ልጆች ናቸው። የቀድሞዋ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲም የተማሩት እዚያ ነው። ሰው ስሙን ስለማይጠራው ብቻ አትለፉት።

ሃይማኖት አያሳስባችሁ፤ ካቶሊክ ሁኑ የሚል የለም። ነገር ግን የሥነ መለኮትና የፍልስፍና ኮርሶች ግዴታ ናቸው፤ ጆርጅታውን ከየዘርፉ ሁለት ሁለት ይጠይቃል።

መልስ፣ ከአርሊንግተን፦
ነርሲንግ አራቱም ጋ አለ። ስትጠይቁ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ከመጀመሪያ ዓመት በቀጥታ ነርሲንግ ትገባለች ወይስ በኋላ እንደገና ታመለክታለች? ሁለተኛ፣ አናቶሚና ኬሚስትሪ ላይ ዝቅተኛው ውጤት ስንት ነው? ብዙ ልጅ ከፕሮግራሙ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የነርስነት የሥራ ፈቃድ ፈተናው የማለፊያ መጠን በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ ስለሚወጣ የጥቂት ዓመታቱን አስተያዩ።

እዚህ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያለው ሜሪማውንት በ1950 ለሴቶች የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፤ ወንዶች የገቡት በ1986 ነው። በ2023 ቦርዱ ሒሳብን፣ ታሪክን፣ ፍልስፍናንና ሥነ መለኮትን ጨምሮ በርካታ ዲግሪዎችን እንዲዘጉ ወስኗል። ለነርሲንግ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሐሳቧን ወደ ሌላ ልትቀይር ለምትችል ልጅ ግን ምርጫው ይጠባል።

ስለ ክፍያ፦ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ዋጋ አይታችሁ አትደንግጡ። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ሁሉም ጋ ያስፈልጋል። ጆርጅታውን ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የእርዳታ ቅጽም ይጠይቃል፤ እሱ የቤታችሁን ዋጋና የግል ንግዳችሁን ሳይቀር ይቆጥራል። አገር ቤት ለወላጅ የምትልኩትን ገንዘብ ግን ቅጹ በራሱ አያውቀውም፤ ልዩ ሁኔታ የሚለው ቦታ ላይ ከነደረሰኙ አስረዱ። ፋፍሳ ላይ ሁልጊዜ የሚበላሸው ፈቃድ መስጠቱ ነው፦ ቅጹ ላይ ከሚካተቱት ወላጆች አንዱ የታክስ መረጃው እንዲወሰድ ካልፈቀደ ልጅቷ የፌዴራል እርዳታ አታገኝም።

አዋርድ ሌተሩ (ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን እርዳታ የሚገልጸው ደብዳቤ) ሲመጣ ከትምህርት፣ ከመኖሪያና ከምግብ ድምር ላይ ግራንትና ስኮላርሺፕን (የማይመለሰውን ገንዘብ) ብቻ ቀንሱ። ሎን (ብድር) እና ወርክ ስተዲ (ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ክፍያ) እርዳታ ተብለው ቢጻፉም አትቀንሷቸው። የቀረውን በ4 አባዝታችሁ አወዳድሩ፤ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ እንዲታደስ ስንት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንደሚፈልግም ጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ በዲቪ ለመጣ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ለተማረ ወንድምስ?

መልስ፣ ከአርሊንግተን፦
ግሪን ካርድ ካለው የፋፍሳ መብቱ ወዲያው ይጀምራል። ጥገኝነት ጠይቆ ገና ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ግን አይችልም። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምሮ ወደ ሜሪማውንት ቢዛወር ወጪው በጣም ይቀልለታል፤ በሁለቱ መካከል የቅበላ ዋስትና ስምምነት አለ። የአዲስ አበባው ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ወይም በታሸገ ፖስታ ይምጣ፤ በእጅ የተያዘ የተማሪ ኮፒ ኢቫሉዌሽን (የውጭ አገር ትምህርት ግምገማ) ላይ ዋጋ የለውም። የቨርጂኒያ የግል ኮሌጆች ድጎማ፣ ቪታግ የሚባለው፣ 12 ወር የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆንን ይጠይቃል፤ ማመልከቻው እስከ ጁላይ 31 መግባት አለበት። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱንና የቤት ኪራይ ውሉን ከአሁኑ በስሙ ያውጣ።